ጎማ ያለው ጎጆዬ

በዚያ ዓርብ ጠዋት ከቤቴ ጎማ ሥር ሦስቱንም ድንጋይ አነሳሁና ጉልቻ አደረግኋቸው።

አሁን ቁጭ ብዬ ስጽፈው ምንም አይመስልም። ነገር ግን ቤቴ እንደ ሰው ቤት አልነበረችም፤ አራት ጎማ ያላት የላሜራ ተሳቢ ነበረች። የቆመችውም ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ፣ ወደ አውድማዎቹ ዘቅዘቅ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ወደ ታች እንዳትሄድ የያዟት እነዚያ ሦስት ድንጋዮች ብቻ ነበሩ። ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በጋይንት ምድር አልነበረም፤ ድንጋዮቹን መርጬ፣ ተሸክሜ፣ በመዶሻ መትቼ ያስገባኋቸው እኔው ነኝና። ግን ድስት የሚጣድበት ድንጋይ ፍለጋ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። እሳት የማይሰነጥቃቸው፣ ቁመታቸው የተካከለ፣ ሦስትነታቸውም የተሟላ ከእነሱ በቀር አጣሁ። አንድ በአንድ ሳወጣቸው ተሳቢዋ ንቅንቅ አላለችም። ጎኗን መታ መታ አደረግኋትና «እንዲህ ነው እንጂ፤ ቤት መሆን ለመድሽ» አልኳት።

ያን ቀን ቤቴን ሊያይ የሚመጣው ሰው ማን እንደነበረ ስነግራችሁ የቂልነቴን ልክ ታውቁታላችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ከአርብ ገበያ ወደ ወገዳ የሚሄደውን መንገድ የሚጠርገው ቡድን አናጺ ነበርኩ። ሌላው ሠራተኛ በድንኳን ሲያድር እኔ ዕቃ ጠባቂም ነህ ተባልኩና ተሳቢዋ ተሰጠችኝ። ግማሿ የዶማና የአካፋ፣ ግማሿ የእኔ። በጎኗ ላይ ትልቅ ቁጥርና አንድ መፈክር ተጽፎባት ነበር። መፈክሩን ዝናብ አጥቦት የቀረው «ወደፊት» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

ሁለት ክረምት ስኖርባት እጄ አላረፈም። በሯ ከመሬት እስከ ወገብ ከፍ ስለምትል መግባት በቅሎ ላይ እንደመውጣት ነበር። ስለዚህ ከድማሚት ሳጥን ጣውላ ባለ ሦስት ደረጃ መወጣጫ ሠራሁላት። ማታ ማታ ሌባ እንዳይወጣበት በማጠፊያ ወደ ላይ ይታጠፋል። በሠራሁት ማግሥት ጠዋት መታጠፉን ረሳሁና በሩን ከፍቼ በኩራት ወጣሁ። ሠራተኛው ለስም ጥሪ ተሰልፎ ነበር፤ ሁሉም እያዩኝ በግንባሬ ተዘረጋሁ። ተሳቢዋን የሚጎትታት የትራክተሩ ሾፌር፣ ምላሱ ከትራክተሩ የሚፈጥን ሰው ነውና፣ «ጓድ አናጺ ዛሬስ ለሥራ ሰግዶ ገባ» አለ። እስከ ፋሲካ ድረስ ስሜ «ሰጋጁ» ሆኖ ቀረ።

ከዚያ አሸንዳ አመጣሁ። የዘይት ቆርቆሮ ቆርጬ በጣራዋ ጠርዝ ገጠምኩና የዝናቡን ውሃ በሯ አጠገብ ወዳለ በርሜል መራሁት። ወንዝ መውረድ ቀረልኝ ብዬ ፎከርኩ። የቡሎኑን ቀዳዳ ግን የበሳሁት ልክ ከራስጌዬ በላይ ኖሯል። ሐምሌን ሙሉ ሰሃን ደረቴ ላይ አስቀምጬ ተኛሁ። ዶሮዎቼ ከእኔ የተሻለ ቤት ነበራቸው፤ ከወለሉ ሥር በሽቦ ቆጥ ሠርቼላቸው በደረቅ ያድራሉ። ካምፑ ሲነሳ አብረው ይጎተታሉ። አውራው በጉዞ ላይ ሲጮኽ ሾፌሩ «ጥሩምባው ከኋላ የሆነ ትራክተር የኔ ብቻ ነው» ይላል።

የምኮራባት ግን መደርደሪያዬ ናት። በየጉዞው ኩባያ መሰባበር ሲሰለቸኝ ከዋንዛ ጣውላ ሠራኋት። ለየኩባያው በልኩ ቀዳዳ አወጣሁለት፣ የጠላውን ቅል በቆዳ ቀለበት አሰርኩት፣ ለሳህኖቹ ከፊት ለፊታቸው የምትዘጋ ቀጭን ዘንግ አደረግሁ። «ገደል ብትገባ እንኳ አንዲት ሳህን አትወድቅም» ስለው ሾፌሩ፣ «አንተስ? አንተን ምን ላይ ነው የምናስርህ?» አለኝ።

ሴትየዋ የመጣችው በዚህ መካከል ነው። ሴትየዋ ስል የዛሬዋን ባለቤቴን ማለቴ ነው፤ ያኔ ለሠራተኛው ሽምብራ የምትሸጥ ልጅ ነበረች። መወጣጫው ላይ ቁጭ ብዬ ቆሎ ስቆረጥም አይታ «ቤትህ መቼ ነው የሚሄደው?» አለችኝ። «ካንቺ ጋር ሲሆን» አልኩ። ከዕድሜዬ ሁሉ በጊዜው የተናገርኩት ቃል ይህ ብቻ ይመስለኛል። ሳቀችና የሽምብራውን ስፍር ጨመረችልኝ።

ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ከአባቷ ይዘውልኝ የመጡት ቃል ይህ ነው፦ «ልጁን አልጠላሁትም፤ ቤቱን ነው የጠላሁት። ምሰሶ የለው፣ መደብ የለው፣ ጉልቻ የለው። ዛሬ እዚህ፣ ነገ ወገዳ። ልጄ ጎማ ላይ ልትወልድ ነው?» በዚያ ላይ መካነ ኢየሱስ ከተማ የቆርቆሮ ቤት ያለው አንድ ሰው እሷኑ ጠይቆ መልስ ይጠብቃል። አባትየው በመጨረሻ «ዓርብ ከገበያ ስመለስ ከባለቤቴና ከንስሐ አባቴ ጋር መጥቼ ቤቱን በዓይኔ አያለሁ። እዚያው ቃሌን እሰጣለሁ» አሉ። ቤቴን ካልወደዱት ልጅቱ ከቅበላ በፊት ወደ ቆርቆሮው ቤት ትሄዳለች። ነገሩ ይኸው ነው።

እሷን ምንጭ ዳር አገኘኋት።

«ጎማውን ደብቀው» አለችኝ።

«የት አባቴ ልደብቀው? ከሥሯ ነው ያለው።»

«ቀሚስ አልብሳት።»

አለበስኳት። የስሚንቶ ጆንያ ሰፍቼ ከወለሏ ዙሪያ እስከ መሬት ለቀቅሁባት። ቀጥሎ ምሰሶ፤ አንድ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ቆርጬ ከወለል እስከ ጣራ መሃል ለመሃል ወጥሬ ሰካሁት። ቤቲቱ ስፋቷ ሁለት እርምጃ ስለሆነች በገባሁ በወጣሁ ቁጥር በአፍንጫዬ እሳለመው ጀመር። ከዚያ ጭቃና ጭድ አቡክቼ በግድግዳዋ ርዝመት መደብ ሠራሁ። አዎ፣ በተሳቢ ውስጥ፣ የጭቃ መደብ። አሥራ አራት ሸክም ጭቃ ገባ። ጎማዎቿ ከክብደቱ የተነሳ ሣሩ ውስጥ ሰምጠው ተቀመጡ።

ሾፌሩ በበሩ አንገቱን አስገብቶ አየና ባርኔጣውን አወለቀ።

«አንተ ሰው፣ ይህቺን እኮ የምጎትታት እኔ ነኝ።»

«ካገባሁ በኋላ አፈርሰዋለሁ።»

«ከሥር የተሸከማት ባሌስትራ ከተሰበረ በሱ ፈንታ አንተን ነው ከሥሯ የማስገባህ። ደግሞ የመንግሥት ንብረት ናት! አለቃችን መደብ ላይ ተቀምጦ ዶማ ሊቆጥር ነው?»

የቀረው ጉልቻ ነበር። እሱን ዓርብ ጠዋት እንዴት አግኝቼ ወለሏ ላይ እንደጎለትኩት ነግሬያችኋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱ መጡ። አባትየው ረጅም ናቸው፣ በትራቸው ደግሞ ከሳቸው ይረዝማል። የንስሐ አባት ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ቀይ ሽማግሌ ናቸው፤ መስቀል ተሳለምኩ። እናትየው ከኋላ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው አጣፍተው ቆሙ።

አባትየው ተሳቢዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። «ይህ ምንድን ነው?» አሉ በበትራቸው ጆንያውን እየነኩ።

«ከነፋስ ነው፣ አባቴ።»

«ነፋስ ከሥር ነው የሚነፍስባችሁ?»

መወጣጫውን ዘረጋሁላቸው። ገቡ። አባትየው መደቡ ላይ ቁጭ ብለው በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉትና «ደርቋል» አሉ። ልቤ ደስ አላት። ከዚያ ምሰሶውን ከሥር እስከ ላይ አዩት።

«ይህስ?»

«ምሰሶ ነው።»

«መሬት ነክቷል?»

«ወለሉን ነክቷል።»

«ወለሉ መሬት ነው?»

እኔ ወለሉን አየሁ። «እንግዲያው ምሰሶ አይባልም፤ የቆመ እንጨት ነው» አሉ። የንስሐ አባታቸው «ጉልቻውንም ተመልከቱለት እንጂ» ብለው ሊያግዙኝ ሞከሩ። አባትየው ወደ ድንጋዮቹ ጎንበስ አሉ። «ጥሩ ድንጋይ ነው። እሳት አይቶ ያውቃል?»

«ዛሬ ነው የጎለትኩት።»

«አንድድበትና እንየው።»

ገል ይዤ ፍም ልጭር ወደ ካምፑ ማብሰያ ሮጥኩ። ቀጥሎ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። አባትየው ምሰሶ በትከሻ ነው የሚፈተነው ብለው ተነሱና ባሕር ዛፉን በትከሻቸው ገፉት። አንድ ጊዜ ገፉት፤ አልተነቃነቀም። ሁለተኛ ሲገፉት ቤቲቱ ተወዛወዘች። በሦስተኛው ጎማዎቹ ከሰመጡበት ሣር ወጡ።

ፍሜን በገል ይዤ እያራገብኩ ስመለስ መጀመሪያ ያየሁት በርሜሉን ነው፤ ብቻውን ቆሟል። «ቤቴስ?» አልኩ። ከዚያ አየኋት። ጆንያ ቀሚሷን እያውለበለበች፣ አሸንዳዋን ከኋላ እየጎተተች፣ «ወደፊት» የሚለውን ጎኗን አዙራልኝ ቀስ እያለች ቁልቁል ትሄዳለች። ከገበያ የሚመለስ ሰው አህያውን ይዞ ወደ ዳር ይሸሻል። አንዲት ሴት «ኧረ ቤት መጣባችሁ!» ብላ ጮኸች።

እኔ ምን አደረግሁ? ለበቅሎ እንደሚባለው «ቁሚ! ቁሚ!» እያልኩ ተከተልኳት። ፍሙን እንኳ አልጣልኩም፤ የግራ አውራ ጣቴ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ሾፌሩ ከወዲያ ማዶ «ሚዜዎቹን ይዛ ሄደች!» እያለ በሳቅ ተንበርክኳል። በትንሿ መስኮት በኩል የልጅቱ እናት ታየኝ። ነጠላቸው ከፊታቸው ወርዷል። ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ሜዳውን፣ አህዮቹን፣ እኔን ያያሉ። አጠገባቸው ስደርስ እጃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ሰላም አሉኝ።

ተሳቢዋ አውድማው ዳር የተከመረ የስንዴ ጭድ ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ ቆመች። ዶሮዎቹ ብቻ ይንጫጫሉ።

በሩን ከፈትኩ። አባትየው ባሕር ዛፉን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ጉንጫቸውን አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የንስሐ አባት መደቡ ላይ ተንበርክከው መስቀላቸውን ወደ ጣራው ዘርግተዋል።

«አባ፣ ደህና ናችሁ?» አልኩ።

«እግዚኦ ጀምሬ ነበር፤ አርባ አንዱን ሳልጨርስ ቆመችብኝ» አሉ።

አባትየው አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ምሰሶውን ሳይለቁ ጠየቁኝ።

«ጎማዋ ሥር ድንጋይ አላደረግክባትም?»

«አድርጌ ነበር።»

«የት ሄደ?»

እኔ ወደ ጉልቻው አየሁ። እሳቸውም አዩ። ሦስቱ ድንጋዮች ተንከባለው እግራቸው ሥር ተኮልኩለዋል። የንስሐ አባት ጢማቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ የፈሩ መሰለኝ፤ ሲስቁ ነው። አባትየው ግን አልሳቁም። የመካነ ኢየሱሱ ቆርቆሮ ፊቴ ላይ ሲያብረቀርቅ ታየኝ። አለቀልኝ አልኩ።

«ኩባያዎቹን አዩልኝ?» የሚል ድምፅ ከመስኮቱ ዳር መጣ። እናትየው ናቸው። ከመጡ ጀምሮ ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው። ወደ መደርደሪያዬ ይጠቁማሉ። አራቱ ኩባያዎች በየቀዳዳቸው ተቀምጠዋል፤ ሳህኖቹ ከዘንጓ ጀርባ ተኮልኩለዋል፤ ከጠላው ቅል ጠብታ አልወጣም።

«ምን ኩባያ ነው የምታወሪው፣ ልንሞት ነበር እኮ!» አሉ አባትየው።

«አልሞትንም። ኩባያዎቹም አልወደቁም። አንተ ልጅ፣ ይህን ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«በስንት ቀን?»

«በሁለት ቀን።»

ወደ ባላቸው ዞሩ። «አንቱ ሰውዬ፣ እኔ መደርደሪያ ይሠራልኝ ካልኩ ሃያ ዓመቴ። የእርስዎ ቤት መሬት ላይ ቆሞ፣ ምሰሶውም መሬት ነክቶ፣ ድመት በዘለለች ቁጥር ገንቦ ይሰበርብኛል።»

«እኔ ስለ ጎማ ነው የምናገረው!»

«እኔ ስለ መደርደሪያ ነው የምናገረው። ደግሞ መሬት አልነካም ያሉትን እንጨት ምነው አቅፈው ቀሩ?»

አባትየው ያን ጊዜ ነው ምሰሶውን የለቀቁት። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ አፋቸውን ጠራረጉ። የንስሐ አባታቸውን አዩ፤ እሳቸው ግን እንባቸውን እየጠረጉ ስለነበር ረዳት አልሆኗቸውም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስማ። አንተን አላምንህም።»

«ልክ ነው፣ አባቴ።»

«መሬት ላይ ቤት እስክትሠራ ድረስ ጎማዋ ሥር ድንጋይ መኖሩን ማታ ማታ የምታየው ልጄ ናት። አንተ እንዳትነካው። ሰምተሃል?»

ገል ላይ ያለው ፍም ጣቴን እስኪያቃጥለኝ ድረስ እሺ ማለታቸው አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው፣ «ምሰሶ አቅፌ እንደነበር ለሰው እንዳትናገር» አሉኝ። እሳቸው በሕይወት እያሉ ከአፌ አልወጣም። ዛሬ ጻፍኩት፤ ይቅር ይሉኛል።

ከቅበላ በፊት ተጋባን። ሾፌሩ ተሳቢዋን ከጭዱ ጎትቶ ሲያወጣት «መኪና መንዳትስ የአናጺ ነው» እያለ ሦስት ቀን ሰበከ። አለቃችን በስብሰባ መካከል አቁሞ ግለ ሂስ አስደረገኝ። «ጓዶች፣ የመንግሥትን ተሳቢ ያለ ፈቃድ በመደብ አክብጄያታለሁ» ብዬ ጥፋቴን አመንኩ፤ መደቡን ቆፍሬ እንዳወጣ ተወሰነ። አለቃችን ከስብሰባው በኋላ ለብቻዬ ጠራኝና ለእሱም ድንኳን እንደዚያ ያለ መደርደሪያ መሥራት እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ለእናትየው ግን ቀድሜ ሠርቼላቸው ነበር፤ የስድስት ኩባያ፣ ከነዘንጉ። ባለቤቴም የአባቷን ቃል ጠብቃ ማታ ማታ በፋኖስ ድንጋዮቹን ታይ ነበር። ዛሬ በድንጋይ ቤት እየኖርን፣ ጎማ በሌለበት፣ ከመተኛቷ በፊት ዞር ብላ ሳታይ አትገባም።

ከባለቤቴ እናት ጋር ግን አንድ ያልተዘጋ ነገር አለን። ያን ዓርብ ሲሄዱ ባላቸውንና የንስሐ አባታቸውን አስቀድመው ወደ ኋላ ቀሩና እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ከየት እስከ የት ነው የሄድነው?»

«ከሜዳው እስከ አውድማው፣ እናቴ። መቶ እርምጃ ቢሆን ነው።»

«አጭር ናት» አሉ። «እኔ በዕድሜዬ ከእግሬ በቀር የተሸከመኝ የለም። ወደ ወገዳ ስትነሳ በመስኮቱ በኩል ቦታ ያዝልኝ።»

«እሺ፣ እናቴ» አልኩ፤ በእግዚአብሔር ስምም ጨመርኩበት። ካምፑ ወደ ወገዳ የተነሳ ቀን ግን ሙሽራዬንና ዶሮዎቼን ስጭን፣ ድንጋዮቹን ስቆጥር፣ እሳቸውን ፈጽሞ ረሳሁ። ትዝ ያሉኝ ወገዳ ደርሰን ኩባያዎቹ ደህና መሆናቸውን ሳይ ነው። ከዚያ ሥራው አለቀ፣ ተሳቢዋም ወዴት እንደተወሰደች አላወቅሁም።

በአውቶቡስ ወስጃቸዋለሁ። ሰው እንደ ሽንኩርት ተጠቅጥቆ ነበር፤ ሲወርዱ «ይህስ አይቆጠርም» አሉ። አሁን ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ጆሮአቸው ትንሽ ደከመ እንጂ ነገር አይረሱም። ባለፈው ፋሲካ ጉልበታቸውን ስስም ራሴን ዳበስ አድርገው፣ «መኪናዬ ደረሰች?» አሉኝ። «መንገድ ላይ ናት፣ እናቴ» አልኳቸው። «በመስኮቱ በኩል ነው ያልኩህ» አሉ። አውቃለሁ። በመስኮቱ በኩል፣ እስከ ወገዳ ድረስ፣ አንድ ጉዞ አለብኝ።